በኤንጂንኤክስ ጫና ማከፋፈል፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሦስት ሰርቨሮች አሉኝ፤ የአንዱ ጉልበት የሌሎቹ እጥፍ ነው። የደንበኞችን ጥያቄ ለሰርቨሮቹ የሚያከፋፍለው ፕሮግራም፣ ኤንጂንኤክስ፣ ይህን ያውቃል?

መልስ፦ ካልነገሩት አያውቅም፤ ለሦስቱም በየተራ እኩል ያድላል። «አፕስትሪም» በሚባለው ክፍል ሰርቨሮቹን ሲዘረዝሩ በጠንካራው መስመር ላይ «ዌይት» (ክብደት) 2 ብለው ይጻፉ። ያኔ ከየ4 ጥያቄ 2ቱን እርሱ ይወስዳል።

ጥያቄ፦ አንዱ ሰርቨር ሲወድቅ ለአንዳንድ ደንበኞች ገጹ ደቂቃ ሙሉ አይከፈትም። ሌላ ሰርቨር እያለ ለምን?

መልስ፦ ብዙ ሰው ማከፋፈሉን አሳምሮ የሚረሳው ይህንን ነው። ነጻው ኤንጂንኤክስ የሰርቨሮችን ጤና በራሱ እየዞረ አይፈትሽም፤ መውደቃቸውን የሚያውቀው የእውነተኛ ደንበኛ ጥያቄ ሲከሽፍበት ነው። ማሽኑ በርቶ ፕሮግራሙ ብቻ ከቆመ ግንኙነቱ ወዲያው ውድቅ ይሆናል፤ ጥያቄው ወደ ሌላው ያልፋል፤ ደንበኛውም ምንም አያውቅም። ፋየርዎል (የኔትወርክ መከላከያ) ግንኙነቱን በዝምታ ከዋጠው ግን ኤንጂንኤክስ እስከ 60 ሰከንድ ይጠብቃል። የእርስዎ ደቂቃ ይህች ናት። ይህን የመጠበቂያ ጊዜ የሚወስነውን «ፕሮክሲ ኮኔክት ታይምአውት»ን ወደ 2 ወይም 3 ሰከንድ ያውርዱት፤ ጎን ለጎን ላሉ ማሽኖች ይህም ብዙ ነው።

ሌላም አለ። ቅንብሩ ካልተነካ አንድ ጊዜ የከሸፈ ሰርቨር የሚገለለው ለ10 ሰከንድ ብቻ ነው፤ ከዚያ እንደገና በደንበኛ ላይ ይሞከራል። የመገለያውን ጊዜ የሚወስነውን «ፌይል ታይምአውት»ን 30 ሰከንድ ቢያደርጉት ሙከራው ይራራቃል።

ጥያቄ፦ ጥያቄው ወደ ሌላ ሰርቨር ሲያልፍ ክፍያ ሁለት ጊዜ አይመዘገብም?

መልስ፦ ከ1.9.13 ወዲህ ባሉት እትሞች፣ አንዴ ወደ ሰርቨር የተላከ የ«ፖስት» (መረጃ የሚያስገባ) ጥያቄ በራሱ አይደገምም። «ኖን አይደምፖተንት» የሚለውን ቃል ጨምረው ይህን ጥበቃ ካነሱት ግን ይደገማል። ገንዘብ በሚንቀሳቀስበት ገጽ ላይ በፍጹም አይጨምሩት!

ጥያቄ፦ ደንበኞች ከገቡ በኋላ እንደገና የይለፍ ቃል ይጠየቃሉ። ደንበኛን በአይፒ አድራሻው ለይቶ ሁልጊዜ ወደ አንድ ሰርቨር የሚልከው «አይፒ ሃሽ» ይፈታዋል?

መልስ፦ ያስታግሰዋል እንጂ አይፈታውም። «አይፒ ሃሽ» ከአራት ክፍሉ አድራሻ የመጀመሪያዎቹን 3 ክፍሎች ብቻ ያያል፤ ስለዚህ የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች በሙሉ አንድ ሰርቨር ላይ ሊከመሩ ይችላሉ። ያ ሰርቨር ሲወድቅም ሁሉም ከገቡበት መለያ አብረው ይወጣሉ። የመግቢያ መረጃውን ሁሉም ሰርቨሮች በሚያዩት ሬዲስ በተባለ የመረጃ ማከማቻ ውስጥ ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ ቅንብሩን ስቀይር ደንበኛ ይቋረጥብኛል?

መልስ፦ «ሪሎድ» (ሳያቆሙ ቅንብሩን እንደገና ማስነበብ) ካደረጉት አይቋረጥም፤ የቀድሞዎቹ ሂደቶች የጀመሩትን ጨርሰው ይወጣሉ። «ሪስታርት» (አቁሞ እንደገና ማስነሳት) ግን ያቋርጣል።