ቦክስተር ውሃ ሲያጎድል፦ ሞተሩን ከመወንጀልህ በፊት ምንጣፉን አንሣ

ወንድሜ፣ «የ2001 ፖርሽ ቦክስተር አለኝ፤ በየሳምንቱ ኩላንት (የሞተር ማቀዝቀዣ ውሃው) ይጎድላል፣ መሬት ላይ ግን ጠብታ የለም፤ ጋራዡ የቴስታታ ጋስኬት (በሞተሩ ራስና በብሎኩ መሃል ዘይትና ውሃ እንዳይደባለቁ የሚያሽገው) ነው ብሎኛል፤ ሞተር ልቀይር ወይ?» ያልከውን አየሁ። አትቀይር። የእኔም ያው 986 (የመጀመሪያው ቦክስተር መለያ) ነው፣ ያው በሽታ ይዞት ነበር። እኔም እንዳንተ ሜሪላንድ ነኝ። ማን ያውቃል፣ የነገሩህ ሰዎችም ያው የእኔዎቹ ይሆናሉ።

1. ጋስኬት ነው ያሉህ ምን አይተው እንደሆነ ጠይቅ። ልገምት፤ የዘይት መሙያውን ክዳን ከፍተው ከውስጥ በኩል ነጭና ቢጫ አረፋ አሳይተውሃል። እኔንም ያደረጉኝ እንደዚያ ነው። የጋራዡ ሰውዬ አረፋውን በሶፍት ጠርጎ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠልኝ። «ሞተርህ አለቀለት» አለና ሶፍቱን ወደ እኔ ገፋ አድርጎ ስልኩን መነካካት ጀመረ። ያቀረበልኝ ዋጋ መኪናውን ከገዛሁበት ይበልጣል። ጥያቄ ስጠይቀው ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። የስፖርት መኪና ይዞ የመጣ ሐበሻ ሁሉ ገንዘብ እንጂ እውቀት የለውም የሚል መጽሐፍ ያነበበ ይመስላል።

እኔ ደግሞ አጎቴ ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ሲሸጥ እግሩ ሥር ያደግኩ ልጅ ነኝ። «እሺ፣ የኩላንቱን ታንክ ክፈትና አሳየኝ» አልኩት። ዘይትና ኩላንት ከተደባለቁ ታንኩ ውስጥ ማኪያቶ የመሰለ ዝቃጭ ታያለህ። የእኔው ጥርት ያለ ነበር። የዘይት መለኪያው ዘንግ (ዲፕስቲኩ) ላይ ያለው ዘይትም ንጹሕ። ሰውዬው ትከሻውን ነቀነቀ፣ ዋጋው ግን አልተነቃነቀም።

አረፋው ከየት መጣ እንዳትለኝ። በዚህ መኪና ዘይት የሚሞላው ከኋላው ኮፈን ውስጥ ነው፤ ከዚያ እስከ ሞተሩ ድረስ ረጅም ቱቦ አለ። በክረምት አጭር አጭር መንገድ ስትነዳ የሞተሩ እንፋሎት ቀዝቃዛው ቱቦ ላይ ወደ ውሃነት ይለወጥና ከዘይት ጋር አረፋ ይሠራል። ክዳኑና ቱቦው ላይ ብቻ ከሆነ ሃይዌይ ላይ ደህና አድርገህ ንዳው፣ ይቀንሳል። ጥርጣሬህ ካልለቀቀህ ትንሽ ዘይት ቀድተህ ለዘይት መርማሪ ላብራቶሪ ላክ። ሶዲየምና ፖታሲየም ከፍ ብለው ከተገኙ ኩላንት ገብቷል ማለት ነው። ያኔም ቢሆን ቶሎ አትደንግጥ፤ ሞተሩ ላይ የተቀመጠው የዘይት ማቀዝቀዣ ውስጡ ቢያፈስም ሁለቱ ይደባለቃሉ፣ እሱን መቀየር ደግሞ ሞተር ከመቀየር ጋር አይወዳደርም።

2. «ጠብታ የለም» ማለት አያፈስም ማለት አይደለም። ኩላንቱ ጫና የሚያገኘው ሞተሩ ሲሞቅ ነው። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ በሙቀት ትከፈታለች፣ ሲበርድ ትገጥማለች። የወጣችው ጠብታም የጋለው የጭስ ማውጫ ላይ አርፋ ትተንናለች። ከነዳህ በኋላ ከኋላ በኩል ጣፋጭ የሆነ ሽታ ሸትቶህ ያውቃል? እሱ ነው። (ኩላንት ጣፋጭ ስለሆነ ውሻና ድመት ይልሱታል፣ መርዝ ነው። ልጆች ካሉህም ጀሪካኑን ከፍ አድርገህ አስቀምጥ።)

አሁን ዋናውን ልንገርህ። የኩላንቱ ታንክ ያለው የኋላው ኮፈን ውስጥ ነው፤ ፕላስቲክ ነው፣ ዕድሜው ደግሞ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗል። 986 ላይ ይሄ ታንክ መሰንጠቁ ባለቤቶቹ ሁሉ የሚያውቁት ነገር ነው። መጀመሪያ ማየት ያለባቸው እሱን ነበር። የመመርመሪያ ተብሎ ከኪሴ ገንዘብ ወጣ፣ የኮፈኑን ምንጣፍ ግን ያነሣው ሰው የለም! ቤቴ ሄጄ እኔው አነሣሁት። ከሥሩ እርጥብ ነበር። እጄን ከታንኩ ጀርባ ሰድጄ ስዳስስ ጣቴ እየተጣበቀ ወጣ። ደርቆ ነጭ የሆነ የኩላንት መስመር ከታንኩ መገጣጠሚያ ጀምሮ ወደ ታች ይወርዳል።

ማረጋገጥ ከፈለግህ የጫና መሞከሪያ ፓምፕ ያዝ። እንደ አውቶዞን ያሉ የመለዋወጫ ሱቆች መያዣ ታስይዛለህ እንጂ በነጻ ያውሱሃል፤ ስትመልስ ገንዘብህን ይመልሱልሃል። ለዚህ መኪና ክዳን የሚሆን አዳፕተር አብሮ መኖሩን ግን እዚያው እያለህ እይ። ሞተሩ ቀዝቅዞ እያለ ግጠመው፣ ክዳኑ ላይ ከተጻፈው ቁጥር ሳታልፍ ንፋ፣ ከዚያ ተወው። ጠቋሚው ከወረደ የሆነ ቦታ ይወጣል። እኔ በባትሪ እያበራሁ ስጠብቅ ስንጥቁ ላይ ጠብታዋ ቀስ እያለች አበጠችና ወረደች። ቪዲዮ ቀርጬ ለዚያ ሰውዬ ላክሁለት። እስከ ዛሬ መልስ የለም።

ታንኩን መቀየር ያደክማል፣ አልዋሽህም። የውሃ ቱቦዎቹ የሚጋጠሙት ከታች ነው፣ ማሰሪያቸው ጋ እጅ አይደርስም፣ ካቻቢቴም አቅጣጫው አይመችም። ክንዴ ላይ ያለው ጭረት የዚያን ቀን ነው። ግን ወጪዬ ጥቂት መቶ ዶላር ሆነ፣ ሥራው የራሴ ነው፣ እስካሁን ጠብ ያለ ነገር የለም።

3. ክዳኑንም አብረህ ቀይር። ፖርሽ ይህን ክዳን ደጋግሞ አሻሽሎታል። መለያ ቁጥሩ በ04 የሚያልቀውን ፈልግ። ክዳን ቀልድ አይደለም፤ ኩላንቱ ቶሎ እንዳይፈላ የሚያደርገው ጫናውን የሚይዘው እሱ ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ጫና ያልያዘው ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ እዚያ ክዳናቸው በጨርቅ የተጠቀለለ ታክሲዎች አቀበት ላይ ሲያጨሱ የምናያቸው ለዚህ ነው። ክዳኑ አጠገብ ሽቦ መሳይ ትንሽ ማንሻ አለች፤ ስትሞላ እሷን ካነሣህ አየሩ ይወጣል፣ ካላነሣህ «ሞላሁት» ትልና በማግስቱ ጎደለ ብለህ ትጨነቃለህ። ስትጨርስ መመለሷን አትርሳ። የቧንቧ ውሃ አትጨምር፤ የተጣራ ውሃና ትክክለኛውን ኩላንት እኩል በእኩል። ዝም ብለህ ከሱፐርማርኬት አረንጓዴውን አንሥተህ አትደባልቅ።

ታንኩ ደረቅ ከሆነስ? ያኔ ፊት ለፊት ሂድ። ራዲያተሮቹ ያሉት ከፊት ነው፤ ቅጠል በአየር ማስገቢያው ይገባና በኤሲው ኮንዴንሰርና በራዲያተሩ መሃል እየበሰበሰ ይበላቸዋል። መከላከያውን አውልቀህ አጽዳ፣ የሚወጣውን ብታይ ታፍራለህ። ቀጥሎ የውሃ ፓምፑ ነው። እሱ ያለው ከመቀመጫህ ጀርባ፣ ሞተሩ ፊት ላይ ነው። መኪናውን ከፍ አድርገህ ከሥር እየው። ቺንጋውን አውልቀህ ፑሊውን (ቺንጋው የሚያዞረውን የፓምፑን ክብ) በእጅህ ወዝውዝ፤ ከተነቃነቀ ወይም ሲዞር ከጮኸ አንድ ቀንም አትንዳው። ፓምፑ ውስጥ እየዞረ ውሃውን የሚገፋው ክንፍ ከተሰበረ ስብርባሪው በውሃው መንገድ ይዞራል፣ ያኔ ነው በእውነት ስለ ሞተር የምናወራው።

ጋስኬት የሚባለውን መሞከሪያውም ቀላል ነው። ሰማያዊ ፈሳሽ ያለባት ቱቦ አለች፤ ሞተሩ ሳይሞቅ ክዳኑን ከፍተህ ታንኩ አፍ ላይ ታስቀምጣታለህ፣ ሞተሩን ታስነሣለህ፣ ከታንኩ የሚወጣውን አየር ትስባለች። የተቃጠለ ጋዝ ካለ ሰማያዊው ወደ ቢጫ ይለወጣል። ያንተ ጋራዥ ይህን ሠርቶልሃል? ካልሠራ ጋስኬት የሚለውን ቃል ከየት አመጣው?

ተመልሰህ የምትሄድ ከሆነ ባዶ እጅህን አትሂድ። በሜሪላንድ ከ50 ዶላር በላይ ለሆነ ጥገና የጽሑፍ ግምት የመጠየቅ መብት አለህ፤ ያለ ፈቃድህ ከዚያ ከ10 በመቶ በላይ ጨምረው ማስከፈል አይችሉም። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃም ጠይቃቸው። ይህን በትሕትና ስትናገር ድምፃቸው ሲለወጥ ትሰማለህ። የእኔው ሰውዬ ያን ጊዜ ነው ስልኩን ያስቀመጠው።

ዛሬ ማታ መኪናው ሲበርድ ምንጣፉን አንሣና ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፤ ታንኩን ከሥሩ፣ ክዳኑን ደግሞ ቁጥሩ እንዲታይ አድርገህ። ታንክ ሆኖ ከተገኘ ቅዳሜ ከሰዓት ነጻ ነኝ፣ መሣሪያው አለኝ።