ሳንቲሙን አንሡት

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከድሬዳዋ፣ ከከዚራ ነው። አያቴ የባቡር ሠራተኛ ነበሩ፤ ቶረንስ ቲዲ 160 የሚባል ሸክላ ማጫወቻ ትተውልን አልፈዋል። መርፌው አልቋል። ሸክላው ሲዘል አባቴ የክንዱ ራስ ላይ አሥር ሳንቲም ይጭንበታል። ጅቡቲ ያለችው እህቴ አዲስ ካርትሪጅ (መርፌዋን የያዘችውን ትንሽ ዕቃ) ልትልክልኝ ነው። ባለሱቁ «ኦርቶፎን 2ኤም ሬድ ይሻላል፣ መርፌው ለስላሳ ነው» ብሏታል፤ ረከስ ያለው ኦዲዮ ቴክኒካ ቪኤም95 ነው። የቱን ላስመጣ? የ78 ዙር ሸክላዎችም አሉን፤ እነሱስ?

መልስ፦ ስሚኝ አቦ፣ ከካርትሪጁ በፊት ክንዱን እዪ። እ.ኤ.አ. በ1972 የወጣው የመጀመሪያው ቲዲ 160 ካርትሪጁን የያዘው ራስ ከፊት ጫፍ ላይ ይነቀላል። በኋላ የመጣው ማርክ ቱ ግን የሚነቀለው ከኋላ፣ ክንዱ ከሚዞርበት አጠገብ ነው። ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስልሽ፤ የመጀመሪያው ክንድ ሲወዛወዝ መርፌዋ አብራ የምታንቀሳቅሰው ክብደት (ወደ ታች ከሚጫናት ሌላ ነው) 16.5 ግራም ሲሆን የኋለኛው 7.5 ነው። የእናንተው የመጀመሪያው ነው ብዬ ልቀጥል፤ ማርክ ቱ ከሆነ ባለሱቁ ልክ ነው።

መርፌዋ የተንጠለጠለችበት ትንሽ ላስቲክ አለ። ክንዱ ከባድ፣ ላስቲኩ ለስላሳ ሲሆን ባሌስትራው የላላ አይሱዙ ጫት ሞልቶ ደንገጎን ሲወርድ የሚሆነውን ይሆናል፤ አንዴ መወዛወዝ ከጀመረ አያቆምም። ይህ ውዝዋዜ በሰከንድ ከ8 እስከ 12 ጊዜ መሃል ቢያርፍ ጥሩ ነው። ከዚያ ሲወርድ የተጣመመ ሸክላ ከሚፈጥረው ሽቅብ ቁልቁል ጋር ይገጥምና መርፌው ይዘላል። በድሬ ሙቀት ያልተጣመመ ሸክላ ያለው ሰው ካለ ደግሞ ያሳየኝ።

ሒሳቡን ራስሽ ሥሪው። የክንዱን (ያንን 16.5)፣ የካርትሪጁንና የብሎኖቹን ክብደት ደምሪ፣ አምራቹ በሚጽፈው የመርፌ ልስላሴ (ኮምፕላያንስ) አባዢ፣ ስኩዌር ሩቱን አውጪ፣ 159ን ለዚያ አካፍዪ። 2ኤም ሬድ 7.2 ግራም ይመዝናል፣ ልስላሴው 20 ነው፤ ውጤቱ በሰከንድ 7 ጊዜ አካባቢ ይመጣል። ዝቅ ብሏል። ቪኤም95 ደግሞ 6.1 ግራም ነው፣ ልስላሴው 7 ተብሎ ተጽፏል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እንደ ኦዲዮ ቴክኒካ ያሉት ጃፓኖች የሚለኩት በ100 ኸርዝ፣ ማለትም በሰከንድ 100 ጊዜ እያወዛወዙ ስለሆነ ከኦርቶፎን ቁጥር ጋር በቀጥታ አይነጻጸርም፤ በ1.5 ወይም በ2 ማባዛት አለብሽ። 12 ብለሽ ብታሰዪው 9.5 ገደማ ይወጣል። ርካሹ አሸነፈ ማለት ነው።

እነዚህ ቁጥሮች የሚለኩት ከድሬ ቀዝቀዝ ባለ ክፍል ውስጥ ነው። ላስቲክ ሲሞቅ ይለሰልሳል፤ ከቀትር በኋላ፣ በበርጫ ሰዓት፣ ሳሎናችሁ ስንት ዲግሪ እንደሚደርስ አንቺ ታውቂዋለሽ። ስለዚህ በቆላ ከተማ ትንሽ ጠንከር ያለውን መምረጥ ያዋጣል። በዚሁ ምክንያት ካርትሪጁን መስኮት አጠገብ ወይም መኪና ውስጥ አትተዪው።

አሁን ወደ አባትሽ። ሳንቲሙ መርፌውን ወደ ታች ስለሚጫነው ለጊዜው ያረጋጋዋል፤ ግን የክንዱን ራስ ክብደት ስለሚጨምር ውዝዋዜውን ይብሱን ዝቅ ያደርገዋል፣ ሸክላውንም ይፍቀዋል። አክብረሽ ንገሪያቸው፣ ይነሣ። በምትኩ ከኋላ ያለውን ሚዛን እያዞርሽ ክንዱ ሳይወድቅም ሳይነሣም በአየር ላይ እንዲቆም አድርጊ፣ ከዚያ 2 ግራም ስጪው። መጋላ ወርቅ ቤቶች የሚጠቀሙባት ዓይነት ትንሽ ዲጂታል ሚዛን ካገኘሽ መርፌውን በሸክላው ከፍታ ልክ አሳርፈሽ አረጋግጪ። የሚዛኑ ሳህን ብረት ከሆነ የካርትሪጁ ማግኔት ይስበውና ቁጥሩ ይዋሻል፤ ፕላስቲክ ይሁን።

ቪኤም95 በተለያየ መርፌ ይሸጣል። ቤታችሁ ያለው አብዛኛው በየግብዣው የተፈጨ የ45 ዙር የአማርኛና የኦሮምኛ ሸክላ ከሆነ፣ እኔ ሲ የሚል ፊደል ያለውን፣ ክብ ጫፍ መርፌውን እመርጥልሻለሁ። ኢ የሚለው ሞላላ ጫፍ ነው፤ ረቂቁን ድምፅ በደንብ ያወጣል፣ ጭረቱንም እንዲሁ። ኋላ ቢያምርሽ አካሉ አንድ ስለሆነ መርፌውን ብቻ ትቀይሪያለሽ።

እህትሽ አሮጌ የሹር ካርትሪጅ በርካሽ ብታገኝ አትግዛ። ሹር እ.ኤ.አ. በ2018 ካርትሪጅ መሥራት አቁሟል፤ እሽጉ ያልተከፈተ እንኳ ቢሆን ላስቲኩ ውስጥ ለውስጥ ያረጃል። ሰዎች ለከባድ ክንድ የሚያወድሱት ዴኖን ዲኤል 103 ይስማማው ነበር፤ ነገር ግን የሚያወጣው 0.3 ሚሊቮልት ብቻ በመሆኑ ተጨማሪ ማጉያ ይፈልጋል፣ መርፌውም በእጅ አይቀየርም። ቪኤም95 4 ሚሊቮልት ስለሚያወጣ አምፕሊፋየራችሁ ላይ ፎኖ የሚል መሰኪያ ካለ ይበቃዋል።

የ78ቱ ሸክላዎች እዚህ ማጫወቻ ላይ አይሆኑም፤ ቲዲ 160 ያለው 33 እና 45 ዙር ብቻ ነው። 78 ዙር ያለው ሌላ ማጫወቻ ብታገኚ እንኳ መርፌው የሚሄድበት ቦይ ሰፊ ስለሆነ ወፍራም መርፌ ይፈልጋል፤ ለዚያ የሚሆነው ቪኤም95 ኤስፒ የሚባለው ነው፣ 5 ግራም ይጫንበታል። እስከዚያው ሸክላዎቹን ቀጥ አድርገሽ አቁሚያቸው፣ አትደራርቢያቸው።