መብራት ሲጠፋ ውሃው የት ይሄዳል?

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ አፓርታማ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ነው። በቅርቡ ያገለገለ የኮራል አኳሪየም ገዛሁ። ርዝመቱ 90፣ ወርዱ 45 ሴንቲ ሜትር ነው። ከሥሩ ሳምፕ፣ ማለትም ፓምፑ የሚቀመጥበት የታችኛው ታንክ አለው። ሻጩ «የመመለሻው ቧንቧ ላይ ቼክ ቫልቭ (ውሃን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ መዝጊያ) ስላለ መብራት ቢጠፋም ውሃ አይፈስም» ብሎኛል። የሚተነውን ውሃ በራሱ የሚተካ መሣሪያም አለው፤ ማጠራቀሚያው 40 ሊትር ይይዛል። ሥራዬ የሌሊት ፈረቃ ስለሆነ ማታ ቤት አልገኝም። ውሃ ፈስሶ ከታች ያሉትን ጎረቤቶቼን እንዳላስቀይም ፈራሁ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ፍርሃትሽ ልክ ነው። ዓሣውን ከማስገባትሽ በፊት መጠየቅሽ ደግሞ በጣም ደስ ብሎኛል። እኔ የጠየቅሁት ከፈሰሰ በኋላ ነበር።

መጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደሚሆን ልንገርሽ። የላይኛው ታንክ ሲሞላ ትርፉ ውሃ ኦቨርፍሎው በሚባለው የትርፍ ውሃ መውረጃ በኩል ወደ ሳምፕ ይወርዳል። ፓምፑ መልሶ ወደ ላይ ይገፋዋል። መብራት ሲጠፋ ፓምፑ ቀጥ ይላል፤ ውሃው ግን መውረዱን አያቆምም። የመመለሻው ቧንቧ አፍ ውሃ ውስጥ ከተነከረ ደግሞ እሱም ወደ ኋላ መሳብ ይጀምራል። ልጆች ሆነን ከበርሜል ውሃ በጎማ ስንስብ ታስታውሺያለሽ? አንዴ በአፋችን ከሳብነው በኋላ ጎማው አየር እስኪያገኝ ድረስ ይወርዳል። እዚህም ያው ነው። ቧንቧው አየር እስኪያገኝ ድረስ ታንኩ ወደ ሳምፕ ይገለበጣል።

የእኔ ታንክ 122 በ46 ነው። ከላዩ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ውሃ ሲወርድ 5.6 ሊትር ማለት ነው። የመመለሻው አፍ ከውሃው ፊት 8 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ነበር። ቧንቧው ላይ አየር የሚያስገባ ትንሽ ቀዳዳ ስለነበረው አላሳሰበኝም። አንድ የሐምሌ ሌሊት እኔ ያለሁበት ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ላይ ነጎድጓድ ሆነና መብራት ጠፋ። እኔ ተኝቻለሁ። 45 ሊትር ገደማ ወረደ፤ ሳምፑ የነበረው ባዶ ቦታ 20 ሊትር ብቻ ነው። የቀረው 25 ሊትር፣ አንድ ሙሉ ጀሪካን ማለት ነው፣ ወለሉ ላይ ሄደ።

ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ከታች የሚኖሩት እናት ናቸው። እጄን ይዘው ወደ ቤታቸው አወረዱኝ። ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውሃ ረከቦታቸው ላይ፣ ሲኒዎቹ መሃል ያርፋል። አልተቆጡኝም። «ልጄ፣ ዓሦቹ ደህና ናቸው?» አሉኝ። ጣሪያቸውን ሁለት ጊዜ አስቀባሁላቸው። የጨው ውሃ ስለሆነ ነጩ ምልክት ከቀለሙ ሥር እየወጣ አስቸግሮ ነበር።

ማታ ቧንቧውን ፈትቼ ሳየው፣ ቀዳዳው ውስጥ የሽምብራ ፍሬ የምታክል ቀንድ አውጣ ተወትፋ አገኘኋት። በስቴኪኒ ነው ያወጣኋት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀዳዳውንም ሆነ ቫልቩን ዋና መከላከያ አላደርግም።

ስለዚህ ሻጩ ባለሽ ነገር አልስማማም። ቼክ ቫልቭ አዲስ ሲሆን ይሠራል። ኮራል ያለበት ውሃ ውስጥ ግን ካልሲየም ይጋገርበታል፤ ሮዝ ቅርፊት የመሰለው አልጌ ይለብሰዋል፤ አሸዋ ወይም ቀንድ አውጣ ይገባበታል። ያኔ በደንብ አይገጥምም። ካለሽ አትጣይው። በየጥቂት ወሩ ፍቺና አቼቶ ውስጥ ዘፍዝፊው። እንደ ትርፍ ጥበቃ ቁጠሪው እንጂ አትመኪበት። የሚያስተማምነው ለሚወርደው ውሃ በሙሉ ሳምፑ ውስጥ ቦታ መኖሩ ነው።

የአንቺን እንቁጠረው። 90 በ45 ሲባዛ፣ ለ1,000 ሲካፈል፣ በየ1 ሴንቲ ሜትሩ 4 ሊትር ገደማ ይመጣል። የመመለሻው አፍ 6 ሴንቲ ሜትር ከተነከረ 24 ሊትር ይወርዳል። በቧንቧዎቹና በኦቨርፍሎው ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ጨምሪበት። አሁን አፉን ወደ ላይ አንሺው፤ ከውሃው ፊት 1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ብቻ ዝቅ ይበል። 24 የነበረው ወደ 8 ወይም ከዚያ በታች ይወርዳል። አንድ ሳንቲም አታወጪበትም።

ከዚያ ሞክሪው። መብራቱ በራሱ እስኪጠፋ አትጠብቂ፤ አንቺው አጥፊው። እረፍት የሆንሽበት ቀን፣ ቀን በብርሃን ይሁን። ፎጣና ባልዲ አቅርቢ። ሳምፑን በዝቅተኛ ውሃ ጀምሪ። ፓምፑን ከሶኬቱ ንቀዪና ቁጭ ብለሽ እዪው። መጀመሪያ በኃይል ይወርዳል፣ ቀጥሎ ይቀጥናል፣ መጨረሻ ላይ ቧንቧው አየር ሲስብ ጉርጉር ይላል። እስኪቆም ድረስ አትነሺ። ውሃው ከሳምፑ ጠርዝ ቢያንስ 3 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ካልቆመ፣ የሳምፑን ውሃ ቀንሺና እንደገና ሞክሪ። ሲስተካከል ፓምፑን መልሰሽ ሰኪ። ውሃው ዞሮ ሲረጋ የሚቆምበት ቦታ ላይ፣ በሳምፑ መስታወት ላይ ፕላስተር ለጥፊ። ከዚያ ፕላስተር በላይ መቼም ውሃ አትጨምሪ። እኔ ይህን በየወሩ አደርገዋለሁ። የነጎድጓዱ ወቅት ከመጀመሩ በፊትማ ሳልሞክር አልቀርም።

የመብራቱ ይህ ነው። ሌላው አደጋ ተቃራኒው ነው፤ ፓምፑ እየሠራ የመውረጃው ቧንቧ ይደፈናል። ቅጠላማ አልጌ፣ ቀንድ አውጣ ወይም ከቦታው የለቀቀ አኒሞን (አበባ የሚመስል የባሕር እንስሳ) ሊዘጋው ይችላል። ያኔ ላይኛው ታንክ ነው የሚሞላው። እዚህ ላይ የሚያድንሽ ሳምፑ ውስጥ ፓምፑ ያለበት ክፍል ትንሽ መሆኑ ነው። ክፍሉ የሚይዘው 10 ሊትር ከሆነ፣ ፓምፑ 10 ሊትሯን ጨርሶ አየር መምታት ይጀምራል። ላይኛው ታንክ ከውሃው እስከ ጠርዙ 3 ሴንቲ ሜትር ባዶ ካለው 12 ሊትር ይቀበላል፤ አይፈስም። ይህንንም መውረጃውን በጨርቅ ደፍነሽ ሞክሪው። ፓምፑ ደረቅ ሲሆን ስለሚጮህ ብዙ አታቆዪው።

ታንኩ ተበስቶ የተሠራ ከሆነ፣ ከዋናው መውረጃ ሌላ ከፍ ብሎ የቆመ ባዶ የአደጋ ቧንቧ እንዲኖረው አድርጊ። ዋናውን በሳራቺኔስካ ትመጥኚዋለሽ፤ ሁለተኛው ደረቅ ሆኖ ይጠብቃል። ጠርዝ ላይ የሚንጠለጠል የኦቨርፍሎው ሳጥን ከሆነ ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ ማታ ቤት ለማይገኝ ሰው አልመክረውም። የታጠፈው ቱቦ ውስጥ አየር ሲጠራቀም ሳይፎኑ፣ ማለትም ውሃውን ወደ ታች የሚስበው ኃይል ይበጠሳል፤ ፓምፑ ግን ወደ ላይ መግፋቱን ይቀጥላል።

ስለ ውሃ ተኪው መሣሪያ። 40 ሊትር በጣም ብዙ ነው። የሚቆጣጠረው ተንሳፋፊ ኳስ ነው ወይም የብርሃን ሴንሰር። ቤታችን ሮቶው ላይ ያለው ኳስ ተጣብቆ ውሃ ሲያፈስ ያላየ የለም። ይህም ያው ነው፤ ጨው ይጋገርበታል፣ ቀንድ አውጣ ይወጣበታል። ቢጣበቅ 40 ሊትሩ በሙሉ ሳምፑ ውስጥ ይገባል። ሳይፈስ ቢቀር እንኳ፣ 180 ሊትር የጨው ውሃሽ ላይ 40 ሊትር ጨው የሌለው ውሃ ሲጨመር፣ በሊትር 35 ግራም ገደማ የነበረው ጨው ወደ 29 ይወርዳል። ኮራሎችሽ እንዲህ ያለ ድንገተኛ ለውጥ አይችሉም። በቀን ስንት ሊትር እንደሚተን ለኪ፤ ለሦስት ቀን የሚበቃ ዕቃ ብቻ አስቀምጪ። የትንሿ ቱቦ ጫፍ ደግሞ ከሳምፑ ውሃ በላይ ይንጠልጠል። ውሃው ውስጥ ከተነከረችና ማጠራቀሚያው ከፍ ካለ፣ ፓምፗ ቆማም ትስባለች።

ማጠራቀሚያውን ለመሙላት በኩሽና ቧንቧ ላይ የሚገጠመውን የውሃ ማጣሪያ ከፍቶ መርሳትም ብዙ ቤት አጥለቅልቋል። በጣም በዝግታ ስለሚሞላ ሰው ይረሳዋል። እኔ ማጣሪያውን ስከፍት የመኪናዬን ቁልፍ ቧንቧው ላይ አንጠለጥላለሁ። ሳልዘጋ ከቤት መውጣት አልችልም።

የኤሌክትሪክ ገመዶች ሁሉ ከሶኬቱ በታች ወርደው ታጥፈው ይውጡ፤ በገመዱ የሚወርድ ጠብታ ሶኬት ውስጥ አይገባም። ሶኬቱ ኤሌክትሪክ ከመስመሩ ሲያፈተልክ ራሱን የሚያጠፋው ዓይነት፣ ጂኤፍሲአይ የሚባለው ይሁን። ውሃ ወለል ላይ ካየሽ ከመርገጥሽ በፊት ብሬከሩን አጥፊ። ከዚያ ቶሎ አድርቂ፤ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ውስጥ ካልደረቀ ሻጋታ ይጀምራል። ወለሉን በንጹሕ ውሃ እንደገና ወልውዪው፣ ጨው እርጥበት ይስባል።

ሌሊት ስለማትኖሪ፣ ካቢኔው ውስጥ ወለሉ ላይ ስልክሽ ላይ የሚደውል የውሃ ሴንሰር አስቀምጪ። ሥራ ላይ ሆነሽ ብትሰሚው ግን ማን ይገባልሻል? ቁልፍሽን የምትሰጪው የታመነ ጎረቤት ካለ፣ አንድ ቀን ጠርተሽ የትኛው ሶኬት እንደሚነቀል በእጅሽ አሳዪው። የተከራይ ኢንሹራንስሽንም አውጥተሽ አኳሪየም የሚል ቃል ካለበት አንብቢው።

ሙከራውን ስታደርጊ ውሃው ከሳምፑ ጠርዝ ስንት ሴንቲ ሜትር ቀርቶት እንደቆመ፣ የሳምፑን ርዝመትና ወርድ ጨምረሽ ጻፊልኝ። አብረን እንቆጥረዋለን።