እናቴ እንጀራ እርም ብላለች

ጥያቄ፦ እናቴ 58 ዓመቷ ነው። ከአራት ወር በፊት ስኳር አለብሽ ተባለች፣ ሁለተኛው ዓይነት። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንጀራ እርም አለች። ጠዋት የአጃ አጥሚት፣ ቀን ቆሎ፣ ማታ የገብስ ዳቦ ነው የምትበላው። ቡናዋን በስኳር ፈንታ በማር አድርጋለች። ከስታለች፣ ግን በባዶ ሆድ ስትለካ አሁንም 190 ነው። ሜትፎርሚንና ግሊቤንክላማይድ ትወስዳለች። አሁን ደግሞ ሁዳዴን እንደ ድሮዬ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ ትላለች። ምን ላድርግ? (ልጇ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ እህቴ፣ ከማሩ እንጀምር። ማር ለስኳር ሕመምተኛ ያው ስኳር ነው። ንጹሕ ይሁን፣ የጫካ ይሁን፣ ደም ውስጥ ሲገባ ልዩነት የለውም። ባንዴ መተው ከከበዳቸው በየሳምንቱ እየቀነሱ ይልመዱት።

ቆሎውም ዳቦውም እህል ነው። አጥሚቱም እንደዚያው፣ እንዲያውም ስለሚጠጣ ቶሎ ይዋጣል፣ ስኳሩንም ቶሎ ያወጣዋል። እናትሽ እንጀራውን ተዉት እንጂ እህሉን አልቀነሱም። ደግሞ ቤተሰቡ መሶብ ከብቦ እሳቸው ብቻቸውን ጥግ ይዘው ቆሎ ሲቆረጥሙ ሳስበው ያሳዝነኛል። እንጀራ ይብሉ። ቁም ነገሩ መጠኑ ላይ ነው።

ችግሩ ከትሪ ስንበላ ስንት እንደበላን አናውቅም። በተለይ ከሥር የተነጠፈውን፣ ወጥ የጠጣውን እንጀራ ማንም አይቆጥረውም፣ ጣፋጭ ስለሆነ ግን መጨረሻ ላይ ሁላችንም እሱን ነው የምንጠርገው። አባቴ በታመመ ጊዜ ለሱ ብቻ ሳህን አወጣንለት፣ አብሮን እየተቀመጠ። አንቺም እንደዚያ አድርጊ። የሳህኑን ግማሽ ጎመን፣ ቆስጣ ወይም ሰላጣ ሙዪው። ሩቡን ምስር፣ ሽሮ፣ በፍስክ ደግሞ እንቁላል ወይም ሥጋ። የቀረው ሩብ የእንጀራው ቦታ ነው። ከጎመኑ ይጀምሩ። በልተው ሲነሱ ሩብ ሰዓት ያህል በእግራቸው ወክ ያድርጉ፣ ግቢ ውስጥም ቢሆን።

ጾሙ ላይ ግን ጠንከር ብዬ ልንገርሽ። የጾም ምግቡ ራሱ ጥሩ ነው፣ ሽሮና ጎመን ለስኳር ሕመምተኛ ይስማማል። የሚያሰጋኝ ሰዓቱ ነው። ግሊቤንክላማይድ ቆሽትን ስኳር የሚያወርደውን ኢንሱሊን አውጪ እያለ ይገፋል፣ ሰውየው ይብላ አይብላ አይጠብቅም። ጠዋት እሱን ውጠው እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳይበሉ ከዋሉ ስኳራቸው ከ70 በታች ሊወርድ ይችላል። ላብ ካጠመቃቸው፣ ከተንቀጠቀጡ፣ ነገር ከተምታታባቸው ወዲያው ከሦስት እስከ አራት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጠሽ አጠጪያቸው። ራሳቸውን ከሳቱ ግን በአፋቸው ምንም አትስጪ፣ ወደ ሐኪም ቤት ሩጪ። ነቅተው ስኳሩን ከጠጡ ደግሞ ከ15 ደቂቃ በኋላ ለኪያቸው፣ ካልተነሳ ድገሚ፣ ከተነሳ ምግብ ይብሉ።

ስለዚህ ሁዳዴ ሳይገባ ሐኪማቸውን ያግኙ። የመድኃኒቱን ዓይነትና ሰዓት የሚያስተካክለው እሱ ነው፣ በራሳችሁ አታቋርጡ። ብዙዎቹ ሕመምተኞች በባዶ ሆድ ከ80 እስከ 130 እንዲሆኑ ይፈለጋል፣ 190ው ከክሳቱ ጋር ሲደመር ቀጠሮ የሚያስጠብቅ አይደለም። የንስሐ አባታቸውንም ያማክሩ፣ አንቺ ከምትነግሪያቸው ይልቅ እሳቸውን ይሰማሉ።

እስከዚያው ስኳር በትንሽ ላስቲክ ቋጥረሽ ቦርሳቸው ውስጥ ክተቺላቸው። ቅዳሴ ሲሄዱም ይዘውት ይሂዱ።