አስማት የሚተረክበት መጽሐፍ በክርስቲያን ቤት

ጥያቄ፦ የ11 ዓመት ልጃችን ሃሪ ስለሚባል ልጅ አስማተኛ የሚተርከውን የመጀመሪያውን የ«ሃሪ ፖተር» መጽሐፍ ከጓደኛዋ ተውሳ አመጣች። ባለቤቴ ዘዳግም 18ን ጠቅሶ መጽሐፉ ዛሬውኑ ከቤት ይውጣ አለ። ግራ የገባኝ ግን እርሱ ራሱ ለልጆቹ የ«ናርንያ»ን ታሪኮች የሚያነብላቸው መሆኑ ነው፤ እዚያም ጠንቋይ አለች። ልዩነቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ የባለቤትዎ ስጋት መሠረት አለው። ዘዳግም 18 ሟርትን፣ መተትንና ሙታን መሳብን አጥብቆ ይከለክላል፤ በሐዋርያት ሥራ 19 እንደተጻፈውም በኤፌሶን ያመኑ አስማተኞች መጻሕፍታቸውን በሰው ሁሉ ፊት አቃጥለዋል። ይሁን እንጂ የተቃጠሉት ባለቤቶቻቸው ይሠሩባቸው የነበሩ የአስማት መጻሕፍት እንጂ ስለ አስማተኛ የሚተርኩ ልብ ወለዶች አልነበሩም። ጥንቆላን በታሪክ ውስጥ ማንሣቱ ብቻ የሚያስኮንን ቢሆን ኖሮ፣ ሳኦል በዓይንዶር ወደምትኖረው መናፍስት ጠሪ የሄደበት ምዕራፍ ከመጽሐፍ ቅዱስ ባልተገኘም ነበር።

በሁለቱ ሥራዎች መካከል ግን ልዩነት አለ። እ.ኤ.አ. ከ1950 እስከ 1956 በታተሙት ሰባት የናርንያ መጻሕፍት፣ ክርስቲያኑ ደራሲ ሲ. ኤስ. ሉዊስ ጥንቆላን በአብዛኛው የክፉዎች መሣሪያ አድርጎ ሲያቀርበው፣ በሃሪ ፖተር ደጎቹም ክፉዎቹም ይጠቀሙበታል፤ ልጆችም ትምህርት ቤት ገብተው ይማሩታል። ብዙ ወላጆችን የሚያስደነግጠው ይኸው ነው። በሌላ በኩል አስማቱ አብሮ የሚወለድ ችሎታ ተደርጎ የቀረበ እንጂ ከመናፍስት የሚለመን አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2007 በወጣው የመጨረሻ መጽሐፍ ደግሞ በሃሪ ወላጆች መቃብር ላይ የተቀረጸው ቃል፣ ሞት የመጨረሻው ጠላት ሆኖ እንደሚሻር ከሚናገረው ከ1ኛ ቆሮንቶስ 15፥26 የተወሰደ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ፣ በመጀመሪያው መጽሐፍ ልጆቹ ደንብ ጥሰው ሳለ በመጨረሻ መሸለማቸው ነው፤ ስለዚህ ጉዳይ ግን የሚቆጣ ሰው እምብዛም አያጋጥመኝም።

ስለዚህ ባለቤትዎ ከመወሰናቸው በፊት መጽሐፉን ራሳቸው ያንብቡት። ቢፈቅዱም ፈቃዱ ለዚህ አንድ መጽሐፍ እንጂ ለሰባቱም የሃሪ ፖተር መጻሕፍት አይሁን፤ ታሪኩ ከሃሪ ዕድሜ ጋር እየከበደ ይሄዳል፣ በአራተኛውም አንድ ተማሪ ይገደላል። አንብበውት ሕሊናቸው እምቢ ካላቸው፣ ሮሜ 14 እንደሚያስተምረው ሕሊናቸው ሊከበር ይገባል፤ ልጅቷም አባቷ አንብቦ መከልከሉንና ሳያይ መጣሉን አንድ አድርጋ አታያቸውም። ያም ሆነ ይህ መጽሐፉ የሰው ንብረት ነውና ሳይቀደድና ሳይጣል ለጓደኛዋ ይመለስ።