«መዘግየት» ወይስ «የመሻገሪያ ጊዜ»?

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የኮምፒውተር ሳይንስ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። የመመረቂያ ጽሑፌን ማጠቃለያ በአማርኛ ስጽፍ ይህን ዓረፍተ ነገር አስገባሁ፦ «የግንኙነት መዘግየት ባለበት፣ እያንዳንዳቸው አንድ የጊዜ ክፍል የሚወስዱ ሥራዎችን ቅድሚያቸውን ጠብቆ በትይዩ ፕሮሰሰሮች ላይ ከ4 በታች በሆነ ጊዜ መጨረስ ውስብስብ ስለሆነ መፍትሔ የለውም።» አማካሪዬ «አማርኛው ይታይ» ብለው መለሱልኝ። ስሕተቱ የቱ ላይ ነው?

መልስ፦ ሰዋስዉ ደኅና ነው። ችግሩ ቃላቱ ላይ ነው፤ አንዱ ቃል እንዲያውም ሂሳቡን ገልብጦታል።

ከ«መዘግየት» እንጀምር። ዘገየ የሚባለው ቀጠሮ ያለበት ነገር ነው። ከባሕር ዳር ወደ ዘጌ የምትሻገር ጀልባ አንድ ሰዓት ብትፈጅ ማንም ዘገየች አይልም፤ መንገዱ ያን ያህል ነዋ። ዘገየች የምትባለው 3 ሰዓት ትገባለች ተብላ 4 ሰዓት ስትገባ ነው። እርስዎ የሚጽፉት ስለ መጀመሪያው ነው፦ የአንድ ሥራ ውጤት ከአንዱ ፕሮሰሰር ወደ ሌላው እስኪደርስ የሚያልፈው፣ አስቀድሞ የታወቀ ጊዜ። ሁለቱ ሥራዎች አንድ ፕሮሰሰር ላይ ከዋሉ ይህ ጊዜ ዜሮ ነው። በዚሁ የጥናት መስክ ደግሞ አንድ ሥራ ካለቀበት ጊዜ ላይ የቀጠሮው ጊዜ ሲቀነስ የሚገኝ ሌላ መለኪያ አለ፤ «መዘግየት» በትክክል የእሱ ስም ነው። አሁን ካባከኑት ያን ጊዜ ቃል ያጥርዎታል። ለዚህኛው «የመሻገሪያ ጊዜ» ይበሉ። «ግንኙነት»ንም ይተዉት፤ የሚሻገረው ውጤት እንጂ ወዳጅነት አይደለም።

ልዩነቱ በምሳሌ ይታይ። አራት ሥራ አለ፣ እያንዳንዱ አንድ ሰዓት ይወስዳል፦ ከጣና የወጣውን ዓሣ መለየት፣ ቀረሶውን መቅረፍ፣ አምባዛውን መግፈፍ፣ ሁለቱን አንድ ሣጥን ውስጥ ማሸግ። ሁለት ሠራተኞች ባሕር ዳር አንድ ቦታ ላይ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ቢጀምሩ 5 ሰዓት ላይ ይጨርሳሉ፦ መለየት፣ ከዚያ መቅረፍና መግፈፍ እኩል፣ ከዚያ ማሸግ። አንዱ ሠራተኛ ዘጌ ቢሆንና መሻገሪያው አንድ ሰዓት ቢሆንስ? አምባዛው 4 ሰዓት ዘጌ ይደርሳል፣ 5 ሰዓት ተገፎ ያልቃል፤ ባሕር ዳር የተቀረፈውም 5 ሰዓት ይደርሳል፤ እሽጉ 6 ሰዓት ያልቃል። አንድ ሰው ብቻውን ባሕር ዳር ቢሠራውም የሚጨርሰው 6 ሰዓት ነው። ሁለተኛው ሠራተኛ ምንም አልጨመረም። መሻገሪያው ሁለት ሰዓት ከሆነማ ሥራውን መከፋፈሉ ራሱ ጉዳት ነው፦ 7 ሰዓት። እዚህ ውስጥ ማንም አልዘገየም፤ ሁሉም በሰዓቱ ነው የደረሰው።

«ቅድሚያ» ሁለተኛው ነው። ቅድሚያ የሚሰጥ ነገር ነው፤ ሰጪው ሐሳቡን ቢለውጥ ይለወጣል። ዓሣውን ሳይለዩ ማሸግ ግን አይቻልም፤ ይህ ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ነው፤ «ቀዳሚነት» ይባል። ሁለቱን መለየት ያለብዎት ሁለቱም አብረው ስለሚመጡ ነው። የሒሳብ ሊቁ ሮናልድ ግራሃም በ1966 የመረመሩት ዘዴ የቅድሚያ ዝርዝር ይይዝና ፕሮሰሰር በተፈታ ቁጥር ቀዳሚዎቹ ካለቁለት ሥራ ዝርዝሩ ላይ ከላይ ያለውን ያነሣል። በ4 ፕሮሰሰር ሥራው ሁሉ የሚያልቅበት ጊዜ ከምርጡ መርሐ ግብር 1.75 እጥፍ አይበልጥም። ይህ መሻገሪያ በሌለበት ነው፤ ሥራውም መሻገሪያውም አንድ አንድ የጊዜ ክፍል ሲሆኑ ተመራማሪው ሬይዋርድ-ስሚዝ በ1987 ያሳዩት ጣሪያ፣ ለዚያው ለ4 ፕሮሰሰር፣ 2.5 እጥፍ ነው።

«ትይዩ» ላይ ጠብ የለኝም። ሰፈር ውስጥ «ከቤቴ ትይዩ» ማለት ፊት ለፊት ቢሆንም የጂኦሜትሪ መጻሕፍት ሌላውን ትርጉም አደላድለውታል።

«ውስብስብ»ም ተለምዷል፣ ግን እዚህ ያሳስታል። ከላይ ያለው የዓሣ ጥያቄ ምኑም አልተወሳሰበም፤ ልጅ ይረዳዋል። ሥራው 400 ሲሆን ነው ጉድ የሚፈላው፦ የሚቻሉት መርሐ ግብሮች ብዛት ተፈትሾ አያልቅም። ስለዚህ «ከባድ» ይሻላል፤ «ኤንፒ-ከባድ» (ኤንፒ ከሚባለው ክፍል ጥያቄዎች ከየትኛውም ያላነሰ ከባድ) የሚለውም ከዚያ ጋር ይሄዳል። «ኤንፒ»ን «ፖሊኖሚያል ያልሆነ» ብለው የሚተረጉሙ አሉ፤ ስሕተት ነው። ኤንፒ ውስጥ ያለ ጥያቄ መልሱ ከተሰጠ ትክክል መሆኑን በፖሊኖሚያል ጊዜ፣ ማለትም ጥያቄው ሲተልቅ በማይፈነዳ ጊዜ፣ ማረጋገጥ ይቻላል ማለት ነው።

«መፍትሔ የለውም» ደግሞ ፈጽሞ አይሆንም። መፍትሔማ አለው፤ ሁሉንም መርሐ ግብር አንድ በአንድ መፈተሽ ራሱ መፍትሔ ነው፣ ዕድሜ አይበቃም እንጂ። «ፈጣን መፍቻ አይገኝለትም» ካሉም ማንም ያላረጋገጠውን አረጋገጡ። «አልተገኘለትም» ይበሉ።

አሁን ዋናው ጥፋት፦ «ከ4 በታች»። ሥራውም መሻገሪያውም አንድ አንድ የጊዜ ክፍል፣ የፕሮሰሰሩም ብዛት የጥያቄው አካል ሆኖ የተወሰነ ሲሆን፣ ተመራማሪዎቹ ሆግቬን፣ ሌንስትራና ቬልትማን በ1994 እንዳሳዩት «በ4 ያልቃል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ኤንፒ-ምሉዕ ነው፤ ኤንፒ-ከባድ ሆኖ ራሱም ኤንፒ ውስጥ ያለ ማለት ነው። «በ3 ያልቃል ወይ?» የሚለው ግን በፖሊኖሚያል ጊዜ ይመለሳል። በእኛ ቋንቋ «ከ4 በታች» አራትን አያካትትም፤ ጊዜው በሙሉ ቁጥር ስለሚቆጠር የሚቀረው 3 ነው። እርስዎ ስለ ከባዱ ጥያቄ ጽፌያለሁ ሲሉ ስለ ቀላሉ ጽፈዋል። «ከ4 የማይበልጥ» ወይም «ቢበዛ 4» ነው የሚባለው። ፕሮሰሰሩ ያለገደብ ሲሆን ድንበሩ ወደ 5ና 6 ይሸሻል፦ ቢበዛ 5 ቀላል፣ ቢበዛ 6 ከባድ። እዚያም «ከ6 በታች» ብለው ከጻፉ ያው ጉድጓድ ውስጥ ይገባሉ።

እንዲህ ቢሆንስ፦ «ሥራውም የመሻገሪያ ጊዜውም አንድ አንድ የጊዜ ክፍል ሲሆን፣ ቀዳሚነታቸውን የጠበቁ ሥራዎች በተወሰኑ ትይዩ ፕሮሰሰሮች ላይ ከ4 በማይበልጥ ጊዜ ማለቅ መቻላቸውን መወሰን ኤንፒ-ምሉዕ ነው፤ እስካሁን ፈጣን መፍቻ አልተገኘለትም።»