ተርኪ፣ ካርታና የአርሴናል ማሊያ

በአሜሪካ የፀደይ የተርኪ (ዶሮ መሰሉ ትልቅ የዱር ወፍ) አደን ሲቃረብ ከአንባቢ የሚመጣልኝ ደብዳቤ ይበዛል። አሳጥሬ፣ የተደጋገመውን ጥዬ እነሆ።

ከዳላስ፦ በቴክሳስ የሚያድንበት አጥቷል፤ ዘንድሮ ወደ ሚዙሪ ሊሄድ ነው። «ካርታው ላይ ትልቁ አረንጓዴ ማርክ ትዌይን ናሽናል ፎረስት (የመንግሥት ደን) ነው፤ እዚያው ልግባ?» ይላል።

ከቴክሳስ መሬት ከመቶ 95 እጁ ገደማ የግል ስለሆነ መሰደድህ አይገርምም። «ትልቁ አረንጓዴ» የሚለውን ነገር ግን ተወኝ! በየዓመቱ የምሰማው ይህንኑ ነው። ማርክ ትዌይን 1.5 ሚሊዮን ኤከር ገደማ ቢሆንም አንድ ወጥ ደን አይደለም። በደቡብ ሚዙሪ ተበጣጥሶ የተበተነ ነው፤ በመሃሉ የሰው እርሻና ቤት አለ። ዛፍ ላይ ሐምራዊ ቀለም ካየህ ተመለስ፤ በዚያ ስቴት ሕግ «መግባት ክልክል ነው» ከሚል ሰሌዳ እኩል ነው። ኔትወርክ ስለሚጠፋ የመሬቱን ወሰን የሚያሳይ ካርታ ከቤትህ ሳትወጣ ስልክህ ላይ ጫን።

ቦታ ከመምረጥህ በፊት የዘንድሮውን ደንብ አንብብ። በፀደይ የሚፈቀደው ወንድ ተርኪ ወይም ደረቱ ላይ ጢም መሰል ላባ የሚታይበት ተርኪ ብቻ ነው፤ በሕዝብ መሬት ላይ ደግሞ ተኩስ የሚያበቃው በእነሱ 1 ሰዓት፣ በእኛ 7 ሰዓት ቀን ላይ ነው። ይህ ለእንግዳ ሰው ይጠቅማል፤ ከሰዓት በኋላውን ጠመንጃህን መኪና ውስጥ ቆልፈህ አገሩን እየዞርክ እወቅበት። ሲመሽ ወንዱ ማደሪያው ዛፍ ላይ ሆኖ ሊጮህ ይችላል፤ ሰምተህ ቦታውን ያዝ።

ከዚያ በፊት ግን የስቴቱ ጥበቃ መምሪያ ባለሙያ ጋ ደውል። «ተርኪ የት አለ?» ብለህ አታድክመው፤ ይህን ሁሉም ይጠይቀዋል። በቅርቡ ሆን ተብሎ የተቃጠለው ደን የትኛው ነው? ለመኪና የተዘጋው በር የትኛው ነው? የሚለውን ጠይቀው። ከቃጠሎ በኋላ ለጋ ሣርና ነፍሳት ይወጣሉ፣ ተርኪውም ጠላቱን ከሩቅ ማየት ይችላል፤ ስለዚህ ይመጣል። የተዘጋ በር ደግሞ በእግሩ መሄድ የሚሰለቸውን አዳኝ ሁሉ ያስቀርልሃል። ሦስት የመኪና ማቆሚያ ምረጥ። አንደኛው ላይ መኪና ካለ ሳትወርድ ወደ ሁለተኛው እለፍ። ከሰው ጀርባ ተከትሎ መግባት ነውር ብቻ አይደለም፣ ጥይትም አለበት።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ሸናንዶዋ ናሽናል ፓርክ ውስጥ ይታደናል ወይ?

አይታደንም። አጠገቡ ያለው ጆርጅ ዋሽንግተን ናሽናል ፎረስት ይቻላል፤ ቨርጂኒያ ግን ከአደን ፈቃዱ ሌላ ለናሽናል ፎረስት ተጨማሪ ፈቃድ ትጠይቃለች።

ከሚኒያፖሊስ፦ ባለቤቱ ገንዘብ አታውጣበት ብላ የአደን ልብስ ከልክላዋለች፤ የአርሴናል ማሊያውን ቢለብስስ?

ቀይና ነጭ! የወንድ ተርኪ ጭንቅላት ቀለም ቀይ፣ ነጭና ሰማያዊ ነው። ከቁጥቋጦ ኋላ ተቀምጠህ የተርኪ ድምፅ እያሰማህ ያንን ማሊያ ብትለብስ ሌላው አዳኝ አንተ ላይ ያነጣጥራል። ካልሲህም ቀይ አይሁን። ከትከሻህ የሚሰፋ ግንድ ተደግፈህ ተቀመጥ፤ ሰው ሲመጣ እጅህን አታወዛውዝ፣ ጮክ ብለህ ተናገር።

ከዴንቨር፦ የአሳይለም (የጥገኝነት) ጉዳዩ ገና አልተወሰነም። ጓደኛው «የአደን ፈቃድ ከገዛህ ጠመንጃ መያዝ ትችላለህ» ብሎታል።

ጓደኛህን አትስማ። በፌዴራል ሕግ በአሜሪካ በሕገወጥ መንገድ የሚኖር ሰው፣ እንዲሁም በጊዜያዊ ቪዛ የገባ ሰው፣ ጠመንጃም ጥይትም መያዝ አይችልም። የአደን ፈቃድ ነፃ የሚያወጣው በጊዜያዊ ቪዛ ያለውን ነው፤ አንተን ግን በየትኛው ወገን እንደሚመድብህ እኔም ጓደኛህም ልንፈርድ አንችልም። ፈቃዱን የሚሸጥልህ ሰው ስለ ወረቀትህ ላይጠይቅህ ይችላል፤ አለመጠየቁ ደግሞ አያድንህም። የሰውን ጠመንጃ ለአንድ ደቂቃ መያዝም መያዝ ነው፤ እስር ሊያመጣ፣ ጉዳይህንም ሊያበላሽ ይችላል። የኢሚግሬሽን ጠበቃ ወረቀትህን አይቶ «ትችላለህ» እስኪልህ ድረስ እንዳትነካ። ደግሜ እላለሁ፦ እንዳትነካ። ዘንድሮ ካሜራ ይዘህ ሂድ።

ከአትላንታ፦ አደኑ ከሁዳዴ ጋር አይጋጭም ወይ? ቢላ ያልነካው ወፍስ ይበላል?

እንደ ዓመቱ ነው። በ2026 ፋሲካ ኤፕሪል 12 ስለሆነ የሚዙሪው አደን በበዓለ ኀምሳ፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት ጊዜ ይውላል። በ2027 ፋሲካው ሜይ 2 ነው፤ ፍሪዘር አዘጋጅ። ሁለተኛውን ጥያቄ ለንስሐ አባትህ።

ከሲያትል፦ ዶሮ ወጥ ይሆናል?

እግሩ ይሆናል፤ ጅማታም ስለሆነ ግን ሰዓታት ይፈጃል። ደረቱን ጠብሰው። ስትበላ በቀስታ አኝክ፣ ፍንጣሪ ጥይት ጥርስ ይሰብራል።